የሳተላይት ምልክት ሲቋረጥ አውሮፕላንን የሚመሩ የሬዲዮ መሣሪያዎች፦ ለሐረርና ለአካባቢዋ ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

ሐረር መደበኛ የመንገደኞች በረራ የሚስተናገድበት የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። በጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ የሚኖርና በአውሮፕላን መጓዝ የሚፈልግ ነዋሪ፣ በአወዳይ፣ በሐረማያና በደንገጎ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ወደሚገኘው አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል። ማረፊያው የተሰየመው የራስ መኮንን ልጅ በነበሩትና ሐረርጌን ባስተዳደሩት በደጃዝማች ይልማ መኮንን ስም ነው። በአቪዬሽን መረጃዎች ላይ «ሐረር ሜዳ» ተብሎ የሚጠቀሰው ማረፊያ ግን ቢሾፍቱ የሚገኝ የአየር ኃይል ማረፊያ በመሆኑ ከሐረር ከተማ ጋር ሊምታታ አይገባም።

ወደ ድሬዳዋ የሚበር አውሮፕላን በአሁኑ ዘመን አቅጣጫውን በዋናነት የሚያገኘው ከሳተላይት ነው። ይሁን እንጂ የሳተላይቱ ምልክት በተለያየ ምክንያት ሊቋረጥ ወይም ሊዛባ ይችላል። በዚህ ጊዜ አብራሪው የሚተማመነው በምድር ላይ በተተከሉ የሬዲዮ ናቪጌሽን መሣሪያዎች ነው። ይህ ጽሑፍ የመሣሪያዎቹን ምንነት፣ አሠራርና ውስንነት፣ እንዲሁም ደኅንነታቸውን በመጠበቅ ረገድ የዜጎችን ድርሻ ያብራራል።

መጠባበቂያ ለምን አስፈለገ?

ጂፒኤስ በሚል ስም የሚታወቀው የሳተላይት ሥርዓት ምልክቱን የሚልከው ከምድር በላይ ከ20,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ያለው ተቀባይ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ ያለበትን ቦታና ከፍታ አስልቶ ያሳያል። አሠራሩ ትክክለኛና ርካሽ ቢሆንም አንድ ትልቅ ድክመት አለው። ምልክቱ ያን ያህል ርቀት ተጉዞ ሲደርስ እጅግ ደካማ ስለሚሆን፣ ምድር ላይ ያለ አነስተኛ የሬዲዮ መሣሪያ ሳይቀር ሊሸፍነው ይችላል።

የሳተላይት ምልክት በሁለት መንገድ ይታወካል። አንደኛው ማፈን ሲሆን፣ በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ጠንካራ ሞገድ በመልቀቅ ተቀባዩ ምንም እንዳይሰማ ያደርጋል። ሁለተኛው ማሳሳት ሲሆን፣ እውነተኛ የሚመስል የሐሰት ምልክት በመላክ አውሮፕላኑ ባልሆነበት ቦታ እንዳለ እንዲያሳይ ያደርጋል። ሁለተኛው የበለጠ አደገኛ ነው። ምልክት ሲጠፋ መሣሪያው ራሱ ያስታውቃል፤ የሐሰት ምልክት ሲደርሰው ግን ትክክለኛ እንደሆነ አድርጎ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል።

የምልክት መታወክ የመንገደኛን ጉዞ እንዴት እንደሚነካ በኢስቶኒያ የሆነው ያስረዳል። የፊንላንድ አየር መንገድ የሆነው ፊንኤር በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. ወደ ታርቱ ከተማ ያደርጋቸው ከነበሩ በረራዎች ሁለቱ በሳተላይት ምልክት መታወክ ምክንያት ሳያርፉ ወደ ሄልሲንኪ ተመለሱ። በዚያ ማረፊያ አየር መንገዱ ይጠቀምበት የነበረው የማረፊያ ሥርዓት በጂፒኤስ ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ከሚያዝያ 21 እስከ ግንቦት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራው ተቋረጠ። አገልግሎቱ የቀጠለው ጂፒኤስን የማይፈልግ አማራጭ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። አውሮፕላኖቹም ሆኑ መንደርደሪያው እንከን አልነበረባቸውም፤ የጎደለው መጠባበቂያ ነበር።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትና ከዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት ጋር በመሆን በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ባወጣው የጋራ መግለጫ፣ አገሮች የሳተላይት ምልክትን ከማወክ እንዲጠበቁና ለችግር ጊዜ የሚሆን በቂ ነባር የናቪጌሽን መሠረተ ልማት ይዘው እንዲቆዩ ጠይቋል። ስለዚህ በምድር ላይ ያሉት የሬዲዮ ጣቢያዎች ዘመን ያለፈባቸው ቅርሶች ሳይሆኑ በሥራ ላይ ያሉ የደኅንነት መሣሪያዎች ናቸው።

ዋና ዋናዎቹ የምድር መሣሪያዎች

ቪኦአር፦ አቅጣጫን የሚነግር ጣቢያ ነው። ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል። ጣቢያው ሁለት ምልክቶችን በአንድነት ይልካል፤ አንደኛው በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ሲሆን ሁለተኛው እንደ አቅጣጫው ይለያያል። የአውሮፕላኑ ተቀባይ ሁለቱን በማነጻጸር ከጣቢያው በስተየት በኩል እንዳለ በዲግሪ ያሳያል። እያንዳንዱ ጣቢያ በሞርስ ኮድ የሚሰማ መለያ ያለው ሲሆን፣ አብራሪው መለያውን ሳያረጋግጥ በጣቢያው መጠቀም የለበትም። ጣቢያው በጥገና ላይ በሚሆንበት ጊዜ መለያው እንዲጠፋ ይደረጋል።

ዲኤምኢ፦ ርቀትን የሚነግር ጣቢያ ነው። አውሮፕላኑ አጫጭር የሬዲዮ ምቶችን ይልካል፤ ጣቢያው ከተወሰነ ቋሚ ጊዜ በኋላ ምላሽ ይሰጣል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ምላሹ የወሰደው ጊዜ ተሰልቶ ርቀቱ ይታወቃል። የሚታየው ርቀት በምድር ላይ የሚለካው ሳይሆን ከአውሮፕላኑ እስከ ጣቢያው ያለው ሰያፍ ርቀት ነው። በዚህም ምክንያት በጣቢያው አናት ላይ በ6,000 ጫማ ከፍታ የሚያልፍ አውሮፕላን መሣሪያ ዜሮ ሳይሆን 1 የባሕር ማይል ያህል ያሳያል። 1 የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

ሁለቱ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቦታ የሚተከሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሐኪም ተራራን በስተደቡብ የሚያይ ሰው ከተራራው በስተሰሜን መሆኑን ያውቃል፤ ፈረስ መጋላ ይሁን ከከተማ ውጭ ግን በዚህ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ከተራራው ምን ያህል እንደራቀ ሲጨመርለት ቦታው ይለያል። ቪኦአር አቅጣጫውን፣ ዲኤምኢ ደግሞ ርቀቱን በመስጠት አብራሪው በካርታ ላይ ያለበትን ነጥብ ያስገኙለታል። የበረራ ኮምፒውተር ያላቸው አውሮፕላኖች ከሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የዲኤምኢ ጣቢያዎች በሚያገኙት ርቀት ብቻ ቦታቸውን ማስላት ይችላሉ።

አይኤልኤስ፦ አውሮፕላንን እስከ መንደርደሪያው ድረስ የሚያደርስ የማረፊያ ሥርዓት ነው። አንደኛው ክፍሉ ከመንደርደሪያው መሐል መስመር ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ መውጣትን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከትክክለኛው የቁልቁለት መስመር ከፍ ወይም ዝቅ ማለትን ያሳያል። ከሳተላይት ምንም ምልክት አይፈልግም።

ኤንዲቢ፦ ከሁሉም የቀደመና ቀላል የሆነ ጣቢያ ነው። በዝቅተኛና በመካከለኛ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠራ በመብረቅ፣ በሌሊት የሞገድ ጠባይ መለወጥና በተራራ ይዛባል። በዚህም ምክንያት በብዙ አገሮች ቀስ በቀስ ከአገልግሎት እየወጣ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ አብዛኞቹ ትልልቅ የጄት አውሮፕላኖች የራሳቸውን እንቅስቃሴ በመለካት ቦታቸውን የሚያሰሉበት መሣሪያ አላቸው። ይህ መሣሪያ ከውጭ ምንም ምልክት ስለማይፈልግ ሊታፈን አይችልም። ሆኖም ስሕተቱ ከጊዜ ጋር እየጨመረ ስለሚሄድ በየጊዜው ከሌላ ምንጭ መታረም ይኖርበታል። ብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ይህ መሣሪያ የላቸውም።

በየትኛው ማረፊያ የትኛው መሣሪያ እንዳለ የሚታወቀው አገሪቱ ከምታወጣው የአቪዬሽን መረጃ ሕትመት ነው። መሣሪያው በጊዜያዊነት ከአገልግሎት ሲወጣም ኖታም በተባለው የአብራሪዎች ማስታወቂያ ይገለጻል።

የሐረርጌ ተራሮችና የሬዲዮ ሞገድ

ቪኦአር፣ ዲኤምኢና አይኤልኤስ የሚጠቀሙበት ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ነው። በጣቢያውና በአውሮፕላኑ መካከል ተራራ ካለ ምልክቱ አይደርስም ወይም ተዛብቶ ይደርሳል። በተስተካከለ ሜዳ ላይ በ10,000 ጫማ ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከ120 የባሕር ማይል በላይ ካለ ጣቢያ ምልክት ሊያገኝ ይችላል። ተራራማ በሆነ አገር ግን ይህ ስሌት ብቻውን አይበቃም።

የምሥራቅ ሐረርጌ መልክዓ ምድር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የድሬዳዋ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በሁለቱ መካከል ያለው ገደላማ ሸንተረር በደንገጎ በኩል በመኪና የሚወጣው ነው። ከሐረር በስተምዕራብ የሚገኘው የጋራ ሙለታ ተራራ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በሸንተረሩ ግርጌ ሜዳ ላይ የሚተከል ጣቢያ ከሰሜን በኩል ለሚመጣ አውሮፕላን በግልጽ ሲሰማ፣ ከሸንተረሩ በስተደቡብ ዝቅ ብሎ ለሚበር ግን ሊጋረድ ይችላል።

ለዚህ ነው በእያንዳንዱ የበረራ መስመር ላይ ዝቅተኛ የበረራ ከፍታ የሚወሰነው። ከፍታው ሁለት ነገሮችን ታሳቢ ያደርጋል፤ አውሮፕላኑ ከተራራው በበቂ ርቀት ከፍ ብሎ እንዲያልፍ፣ እንዲሁም የናቪጌሽን ምልክቱን ሳይቋረጥ እንዲያገኝ ነው።

መጠባበቂያውም ቁጥጥር ያስፈልገዋል

የምድር ጣቢያ መኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ይህን በሚገባ ያሳየው ክስተት የተፈጸመው በኢትዮጵያ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2003) ሌሊት የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን ኤርዌይስ ንብረት የሆነ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን በቪኦአርና በዲኤምኢ እየተመራ አዲስ አበባ ቦሌ ለማረፍ በመቃረብ ላይ ነበር። የቪኦአር ጣቢያው የተሳሳተ አቅጣጫ ይልክ ስለነበር አውሮፕላኑ ከተወሰነው መስመር ወጣ። አንድ ኮረብታ ያለፈው ከመሬቱ በ56 ጫማ፣ ማለትም በ17 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ነው። አብራሪዎቹ ወዲያውኑ ወደ ላይ በመነሣታቸው በመንገደኞች ላይ ጉዳት አልደረሰም።

ምርመራው የስሕተቱ መነሻ ወደ ጣቢያው አንቴና የገባ ውኃ መሆኑን አመልክቷል። ከዚህ በላይ ትኩረት የሚሻው ግን ስሕተቱ በአብራሪዎቹ ፊት ያልታየበት ምክንያት ነው። አውሮፕላኑ የጂፒኤስ ተቀባይ አልነበረውም። የበረራ ኮምፒውተሩ ቦታውን ያሰላ የነበረው ከዚያው ከተሳሳተው ጣቢያ በሚያገኘው መረጃ በመሆኑ፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ እርስ በርስ የተስማሙ ይመስሉ ነበር። የመሬት መቃረብን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያም የሚጠቀመው በዚሁ ስሌት ነበር። ብዙ መሣሪያ የነበረ ቢሆንም የሁሉም ምንጭ አንድ ነበር።

በታርቱ ሳተላይቱ ሲታወክ የምድር መሣሪያ ታጣ፤ በአዲስ አበባ የምድር መሣሪያው ሲሳሳት ስሕተቱን የሚያጋልጥ የሳተላይት መሣሪያ አልነበረም። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የበረራ ደኅንነት የሚረጋገጠው ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ ሳይሆን፣ አንዱ በሌላው ላይ የማይደገፍ ሁለት ምንጭ ይዞ አንዱን በሌላው በማመሳከር ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ በተቀመጠው መስፈርት መሠረት የቪኦአር ጣቢያ የራሱን ምልክት የሚከታተል መሣሪያ ሊኖረው ይገባል። አቅጣጫው ከ1 ዲግሪ በላይ ከተለወጠ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይም ጣቢያውን ከአገልግሎት ያስወጣል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ከጣቢያው 60 የባሕር ማይል ርቆ ላለ አውሮፕላን 1 ዲግሪ ማለት 1 የባሕር ማይል ያህል ከመስመር መውጣት ነው። በተጨማሪም ጣቢያዎቹ የመለኪያ መሣሪያ በተገጠመለት አውሮፕላን በየጊዜው ከአየር ላይ መፈተሽ አለባቸው።

በበረራ ላይ ምልክቱ ሲቋረጥ ምን ይደረጋል?

አብራሪዎች የሳተላይት ምልክት ሲጠፋ ወይም አጠራጣሪ ሲሆን የሚፈጽሙት ቅደም ተከተል አስቀድሞ የተወሰነና የሠለጠኑበት ነው። በመጀመሪያ የጂፒኤሱን መረጃ ከቪኦአር፣ ከዲኤምኢ፣ ከሰዓትና ከኮምፓስ ጋር ያመሳክራሉ። ልዩነት ካለ የጂፒኤሱን መረጃ ይተዋሉ። ቀጥሎም ሁኔታውን ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በሬዲዮ ያሳውቃሉ። ተቆጣጣሪው በአካባቢው ላሉ ሌሎች አውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ በአውሮፕላኖች መካከል ያለውን ርቀትም ሊያሰፋ ይችላል።

ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ በምድር መሣሪያዎች እየተመራ ጉዞውን ይቀጥላል። በመድረሻው የሚያገለግል መሣሪያ ከሌለ ወይም ደመናው ዝቅ ያለ ከሆነ፣ አብራሪው ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የመሄድ ወይም ወደ ተነሣበት የመመለስ ውሳኔ ይወስናል። የመንገደኞች አውሮፕላን ከመነሣቱ በፊት እስከ መድረሻው፣ ከዚያም እስከ ተለዋጭ ማረፊያው የሚያደርሰውንና ከዚያ በላይ የሚተርፍ ነዳጅ እንዲይዝ የሚገደደው ለዚህ ነው።

የዜጎች ድርሻ

የናቪጌሽን ጣቢያዎች ደኅንነት በባለሙያ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ነዋሪዎችና ድርጅቶች የሚከተሉትን እንዲያውቁ ያስፈልጋል።

1. የምልክት ማፈኛ መሣሪያዎች። የጂፒኤስ ወይም የስልክ ምልክትን የሚያፍን መሣሪያ፣ በመኪና ውስጥ የሚሰካ አነስተኛ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ተጽእኖው ከመኪናው አልፎ በአቅራቢያ ወደሚያርፍ አውሮፕላን ሊደርስ ይችላል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መጠቀም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው።

2. የሬዲዮ ማሠራጫዎች። የኤፍኤም ሥርጭት የሚጠቀምበት ክልል 108 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያበቃ፣ የአውሮፕላን ናቪጌሽን ክልል ከዚያው ይጀምራል። ጥራቱን ያልጠበቀ ወይም ያለ ፈቃድ የተተከለ ማሠራጫ ሞገዱ አልፎ ወደ አብራሪው ተቀባይ ሊገባ ይችላል። ማንኛውም የማሠራጫ ባለቤት ከሚመለከተው አካል የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ሊኖረውና በፈቃዱ ላይ በተገለጸው ኃይል ብቻ ሊሠራ ይገባል።

3. ግንባታ። በማረፊያ ወይም በናቪጌሽን ጣቢያ አቅራቢያ የሚሠራ ረጅም ሕንፃ፣ የብረት መጋዘን፣ የስልክ ማማ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሞገዱን በማንጸባረቅ የተሳሳተ አቅጣጫ ሊፈጥር ይችላል። ስለዚህ ገንቢዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ማማከርና ፈቃድ የሚያስፈልግ ሲሆንም መያዝ አለባቸው። ግንባታው ከተጠናቀቀ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ለባለንብረቱም ከባድ ወጪ ነው።

4. የጣቢያ ቅጥር ግቢ። አንቴናዎቹ በሜዳ ላይ ተተክለው ሲታዩ ማንም የማይጠቀምባቸው ሊመስሉ ይችላሉ። አጥር ማፍረስ፣ ገመድ መቁረጥ ወይም በአንቴናው አጠገብ ቁሳቁስ ማከማቸት ጣቢያውን ከአገልግሎት ሊያስወጣ ይችላል። ጥቂት ውኃ እንኳ ምን እንደሚያስከትል ከላይ የተጠቀሰው ክስተት ያሳያል። ጉዳት ያየ ነዋሪ በአቅራቢያው ላለው የማረፊያ አስተዳደር ወይም ፖሊስ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል።

5. ድሮን። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን ወይም አካባቢውን ከአየር ለመቅረጽ የሚፈልጉ ሰዎች አስቀድመው ከሚመለከታቸው አካላት ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። አብዛኞቹ ድሮኖች በጂፒኤስ የሚመሩ በመሆናቸው፣ ምልክቱ ሲታወክ ከቁጥጥር ሊወጡ ይችላሉ።

6. በአውሮፕላን ውስጥ። መንገደኞች የእጅ ስልክና ሌሎች አስተላላፊ መሣሪያዎችን በሚመለከት የበረራ አስተናጋጆች የሚሰጡትን መመሪያ መፈጸም ይገባቸዋል።

በረራ ሲዘገይ ወይም ሲመለስ

ድሬዳዋ ደርሶ ሳያርፍ የተመለሰ ወይም ከአዲስ አበባ ሳይነሣ የቆየ አውሮፕላን ከሐረር ተነሥቶ ለሚጠብቅ መንገደኛ ከባድ መጉላላት ያስከትላል። የሕክምና ቀጠሮ፣ የትምህርት ምዝገባ ወይም የሐዘን ጥሪ ያለበት ሰው ሊቆጣ ይችላል። ሆኖም አብራሪው የሚያመሳክርበት ሁለተኛ ምንጭ ሲያጣ አለማረፉ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

መንገደኞች የመዘግየቱን ምክንያት፣ የሚቀጥለውን በረራ ሰዓትና የሚገባቸውን አገልግሎት አየር መንገዱን የመጠየቅ መብት አላቸው። ለዚህም ቲኬታቸውንና የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን ይዘው በማረፊያው በሚገኘው የአየር መንገዱ ቢሮ መቅረብ ይችላሉ። አጥጋቢ ምላሽ ያላገኘ መንገደኛ ቅሬታውን በጽሑፍ ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ማቅረብ ይችላል። በቅሬታው ላይ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የመነሻና የመድረሻ ቦታ፣ እንዲሁም የተሰጠው ምላሽ በግልጽ ቢሠፍር ጉዳዩ በፍጥነት እንዲታይ ይረዳል።